እንጅባራ ላይ «አያመኝም» ያልሁ ቀን

ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ ባለው አገር ከእኔ የበለጠ ሕመም የሚችል ወንድ አልተፈጠረም፤ ተፈጥሮም ከሆነ በሕፃንነቱ ሞቷል። ጥርሴን ያለ ማደንዘዣ ሳስነቅል ያለቀሰው ነቃዩ ነው። በቅሎ ረግጣኝ ሳምንት ያነከሰችው በቅሎዋ ናት። ይህን ለሚጠራጠር ሰው ምስክር የሚቆሙልኝ ሰዎች ዳንግላ ገበያ ውስጥ ሞልተው ነበር። «ነበር» ማለቴ፣ አንድ የሁዳዴ ማክሰኞ እንጅባራ ደርሼ እስክመለስ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲህ እነዚያው ምስክሮች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ቆም ብለው የእግራቸውን አውራ ጣት ያወዛውዙብኛል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባጃጅ የፈረስ ጋሪውን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ለውስጥ መግፋት የጀመረበት ዘመን ነው። ዳንግላ ላይ ልኳንዳ ቤት አለኝ። ወደ እኔ ቤት ግማሹ ሰው ለስጋ ይመጣል፣ ግማሹ ለቀልድ፤ ለቀልድ የመጣውም አፍሮ ግማሽ ኪሎ ይገዛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የበሬ ጎን በቀኝ ትከሻዬ ተሸክሜ ከጋሪ ወደ ማንጠልጠያ አውጥቻለሁ። የተሸከምሁት በሬ ሁሉ ቢሰለፍ የፊተኛው ባሕር ዳር ገብቶ ውኃ ሲጠጣ የኋለኛው ገና ዳንግላ ቆሞ ያመሰኳል።

ትከሻዬ መጀመሪያ ማቃጠል አመጣ። ዝም አልሁት። ቀጥሎ ክንዴን ጉንዳን ይሄድበት ጀመር። እሱንም ዝም አልሁት። ከጊዜ በኋላ ጉንዳኑ ጠፋ፤ ዳንሁ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ጉንዳኑ የጠፋው የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች፣ የቀለበቷንና ትንሿን፣ ይዞ ነው። ብቆነጥጣቸው የሰው ጣት የቆነጠጥሁ ያህል ነው። ለማንም አልተናገርሁም። እንዴት ብዬ ልናገር? ሕመም የማያውቀው ልየው «ጣቴ ታመመ» ይበል?

የቅበላ ዕለት ልኳንዳው በሰው ጢም ብሏል። ቀኜ ስላልታዘዘኝ ቢላዋውን በግራዬ ይዤ ለአንዲት ደንበኛዬ ዳቢት እየቆረጥሁ የሰፈሩን ሰው አስቃለሁ። ሴትዮዋ ግን አትስቅም፤ እጄን ታያለች።

«ጋሼ ልየው፣ ይሄ ደም የበሬው ነው የእርስዎ?»

ዝቅ ብዬ ባይ ቢላዋው ትንሿን ጣቴን ገብቶባታል። ደሙ በዳቢቱ ላይ ይወርዳል። እኔ ምንም አልተሰማኝም።

«ምራቂ ነው» አልኋት።

አንድም ሰው አልሳቀ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ፣ ስጋውን ትታ ወጣች። ተሰልፈው የነበሩትም አንድ በአንድ ተከተሏት።

ባለቤቴ እናንዬ ጣቴን በጨርቅ እየጠመጠመች ቀና ብላ አላየችኝም።

«ለፋሲካ ማን ሊያርድ ነው?»

«እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ኖሯል?»

«በየትኛው እጅህ? ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሕዝብ በአንተ ጣት ሊገድፍ ነው?»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ቢላዋውን የማይሰማ እጅ ይዞ ልኳንዳ የለም። ከልኳንዳው ሌላ ደግሞ አንዳች ሙያ አላውቅም። በሁዳዴ ሱቄ ዝግ ነው፤ ስለዚህ እጄን ለማዳን ያለኝ ጊዜ እስከ ፋሲካ ነው።

መጀመሪያ የሄድሁት ወጌሻ ዘንድ ነው። በእኛ አገር ወጌሻ ፊት ወንድ ልጅ አያቃስትም፤ ጥርሱን ነክሶ ይችላል፣ ካልሆነለት ይፎክራል። ያቃሰተ ሰው ወሬው ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ሽማግሌው ትከሻዬን በኑግ ዘይት አርሰው እያሹ «ያምሃል?» አሉኝ። «ምን ሊያመኝ!» አልሁ። «እንግዲያው ልጨምር» አሉና ጨመሩ። «አሁንስ?» «ኧረ እንዲያውም እንቅልፌ መጣ።» ደግመው ጨመሩ። ሳምንቱን ሙሉ ክንዴ ከጆሮዬ በላይ አልወጣ አለ። የሳቸው ጥፋት አይደለም፤ የነገርኋቸውን አምነው ነው የሠሩት።

በመጨረሻ እናንዬ እንጅባራ ላይ በእጇ ብቻ የምታክም ፊዚዮቴራፒስት መኖሯን ከሰው ሰማች። ለጎረቤት «በሬ ልገዛ ነው የምሄድ» ብዬ ማክሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርሁ። በሁዳዴ በሬ የሚገዛ ልኳንዳ ነጋዴ የለም፤ ሰውም አላመነኝ።

እንጅባራ እንደ ልማዷ ትበርዳለች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መሀሉን መጋረጃ ከፍሎታል፤ ወዲህ አግዳሚ ወንበር፣ ወዲያ አልጋ። መጋረጃው ታጥቦ ታጥቦ ስላጠረ ከጉልበት በታች ሁሉም ይታያል። አልጋውም አጭር ነው፤ የተኛ ሰው እግሩ በመጋረጃው ሥር ወደ አግዳሚው ወጣ ይላል። ይህን ያኔ ልብ አላልሁትም። አግዳሚው ላይ ግን ሁለት የዳንግላ ጨርቅ ነጋዴዎች፣ ደንበኞቼ፣ ተቀምጠው አገኘሁ።

«አያ ልየው! ምነው፣ አንተንም ያምሃል እንዴ?»

«እኔ ሰው ልጠይቅ ነው የመጣሁ» አልሁና መሀላቸው ተቀመጥሁ።

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሽማግሌ ይጮኻሉ። ጩኸት ስላችሁ ማቃሰት እንዳይመስላችሁ፤ አዲስ ቅዳም ከተማ ድረስ ከሰል ጫኙ ሁሉ ጆንያውን ጥሎ የሚሮጥበት ጩኸት ነው።

«ወይኔ እናቴ! ገደልሽኝ ልጄ! እሱ ነው! እዚያው ጋ ነው! ኧረ ተይኝ! አይ፣ አትተይኝ!» ቀጥለው በአዊኛ ጨመሩበት፤ ቋንቋውን ባልችልም አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ነጋዴዎቹ ጋሽ አለኸኝ እንደሚባሉ ነገሩኝ፤ ግምጃ ቤት ከሚባል አገር የመጡ ገበሬ፣ በጉግስ ስማቸው የተጠራ ፈረሰኛ ናቸው፤ ከፈረስ ወድቀው ትከሻቸው ደርቋል።

«እንግዲያውስ ፈረሳቸው ነው እዚያ ውስጥ የሚጮኸው» አልሁ። አግዳሚው ሳቀልኝ።

ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌው ወጡ። ዓይናቸው በእንባ ቀልቷል፤ ቅንጣት አላፈሩም። ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ግድግዳው ምስማር ላይ የተሰቀለ ባርኔጣቸውን አወረዱ።

«አያችሁ? ይህን ባርኔጣ ከመስቀል በዓል ወዲህ በዚህ እጄ አንስቼው አላውቅም» አሉና ከመሄድዎ በፊት ይረፉ ስለተባሉ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ነጋዴዎቹ «ሰው ጠያቂው ይቅደም» ብለው እየሳቁ ተራቸውን ለቀቁልኝ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ይታይሽ ትባላለች። ከሠላሳ አትበልጥም። ከጋዋኗ ሥር ሹራብ ደርባለች። እጇን ባየው እንደ ልጅ እጅ ትንሽ ነው።

«ዶክተር፣ በዚህ እጅሽ እኔን ለማሸት ረዳት አያስፈልግሽም?» አልኋት፣ አግዳሚው እንዲሰማ ጮኽ ብዬ።

«ዶክተር አይደለሁም፣ ይታይሽ ይበሉኝ። ደግሞ አላሽም ጋሼ። ይዤ እጠብቃለሁ።»

ሸሚዜንና ጫማዬን አስወልቃ በጀርባዬ አስተኛችኝ። በቆዳና በጡንቻ መካከል፣ በጡንቻና በጡንቻም መካከል፣ ስስ ነጭ ሽፋን እንዳለች፣ ያቺ ሽፋን በብዙ ሸክም ደርቃ ስትጣበቅ ሕመም እንደምታመጣ፣ አንዳንዴም ነርቩን እንደምታንቅ ነገረችኝ።

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ያቺን ሽፋን ሃያ ሁለት ዓመት ስገፋት የኖርሁ ሰው ነኝ!»

«እንግዲያውስ እንግባባለን። አሁን አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ስነካዎት የሚያምዎትን ቦታ ይንገሩኝ። ያለ እርስዎ እኔ ዕውር ነኝ።»

ከአንገቴ አጥንት ሥር ጣቶቿን አሳረፈች። ማሳረፍ ነው እንጂ መጫንም አይባልም። የሞቱ ዘመዶቼ በሙሉ ተሰልፈው ታዩኝ፤ አያቴ በእጁ «ና» አለኝ።

«እዚህ ጋ ያምዎታል?»

«የቱ ጋ? ጀመርሽ እንዴ?»

አግዳሚው ሳቀ። ወደ ብብቴ ገባች። ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ።

«እዚህስ?»

«እዚያ ያስቀኛል እንጂ አያመኝም።»

ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ የጀርባዬን አጥንት ዳር ዳር አዳረሰችው። አንድ ቦታ ላይ ነፍሴ ወጥታ እንጅባራን ዞራ የተመለሰች ይመስለኛል፤ «ምንም» አልሁ። ቀጥላ ዓይኔን በፎጣ ሸፈነችና ጣቶቼን ነካች።

«ይሰማዎታል?»

«በደንብ!»

«ምንድን ነው የነካዎት?»

ገመትሁ። «ጥጥ።»

«መርፌ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ፎጣውን ከዓይኔ አነሳች። በርጩማዋን ስባ ተቀመጠችና ወረቀት አወጣች። ከአግዳሚው የሚሳቀውም ቀነሰ።

«ጋሼ ልየው፣ እውነቱን ልንገርዎ። ሁለቱ ጣቶችዎ አይሰሙም። ነርቩን ያነቀችው ያቺ ሽፋን ብትሆን ኖሮ፣ ዛሬ የነካሁት ቦታ ሁሉ ሊያስጮኽዎት ይገባ ነበር። ጋሽ አለኸኝን ሰምተዋል። ሕመሙ ለእኔ መንገድ ነው፤ እሱን ይዤ እገባለሁ። እርስዎ ጋ ግን ምንም ሕመም የለም። እንግዲህ ነገሩ ከላይ፣ ከአንገት አጥንት ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ የእጅ ሥራ አይደለም። ባሕር ዳር እልክዎታለሁ፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልግ እንደሆነ እነሱ ያያሉ።»

«ለፋሲካ ይደርሳል?»

ከልቧ ግራ ገብቷት ቀና አለች። «ለየትኛው ፋሲካ?»

ወገኖቼ፣ ዕድሜ ልኬን ቢላዋ ይዤ ቆሜ እንጂ ቢላዋ ሥር ተኝቼ አላውቅም። እጄ ስትደርቅ፣ ማንጠልጠያው ባዶውን ሲወዛወዝ፣ እናንዬ የልኳንዳውን ቁልፍ ለሌላ ሰው ስትሰጥ ታየኝ። ይታይሽ እየጻፈች ነው። መጋረጃውን አየሁ፤ ከወዲያ የዳንግላ ጆሮ አለ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ይታይሽ… ትንሽ ነገር ይሰማኛል።»

«ምን?»

«ቅድም፣ ከአንገቴ አጥንት ሥር። ቆረጥ የሚያደርግ… ትንሽ።»

እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም። በሐዘኔታ አየችኝ።

«አይፍሩ ጋሼ። ቀዶ ጥገና ሲባል ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። የሌለ ሕመም ያመጣል።»

«ኧረ ያመኛል!»

«የት ጋ?»

«ሁሉም ጋ!»

«ሁሉም ጋ የሚያመው ሰውማ የለም» አለችና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

ዕድሜዬን ሙሉ ውሸቴ በጥሩ ዋጋ ሲሸጥ ኖሮ፣ አንድ ቀን እውነት ባወጣ ገዢ ታጣ። ያኔ ከመጋረጃው ወዲያ የጋሽ አለኸኝ ድምፅ መጣ።

«ልጄ! ማርያምን፣ ሰውዬው እውነቱን ነው!»

«እርስዎ እንዴት አወቁ ጋሽ አለኸኝ?»

«እግሩ እኛ ጋ ነዋ ያለው! አንቺ ትከሻውን በነካሽ ቁጥር የእግሩ ጣት እንደ ተረገጠ ትል ሲሸመቀቅ ነው የዋለ። ብብቱ ሥር ስትገቢማ አውራ ጣቱ ካልሲውን ቀዶ ወጣ!»

ቀና ብዬ ወደ እግሬ ተመለከትሁ። አውራ ጣቴ ከካልሲው ውጭ፣ ለብቻዋ፣ ለአግዳሚው ሁሉ ቆማ ትታያለች። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

«ታዲያ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» አለች ይታይሽ መጋረጃውን ገልጣ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እኛማ አያ ልየው እየቀለደልን መስሎን ነው» አለ አንደኛው ነጋዴ እንባውን እየጠረገ። «እሱ እኮ ሲሞትም የምናምነው ከሠልስቱ በኋላ ነው!»

ይታይሽ መጋረጃውን እንደ ተገለጠ ተወችው። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና እጇን እንደገና ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«ከእንግዲህ እርስዎን አልጠይቅም። ጋሽ አለኸኝ፣ እግሩን ያዩልኛል?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፍተው እግሬ ሥር ቆሙ። እሷ ስትዳስስ እሳቸው ይናገራሉ።

«የለም… የለም… አለ! እሱ ነው! ወደ ታች… ቀነሰ። ተመለሽ ወደ ላይ… ዋይ ዋይ ዋይ፣ እዚያው ቁሚ!»

እንዲህ ሆኖ ሕመሜ በእግሬ ምስክርነት፣ በግምጃ ቤት ገበሬ አንደበት ተገኘ። የእኔ ምላስ በዚያ ሥራ ውስጥ አልገባም።

ቦታውን ካገኘች በኋላ ያደረገችው አስገረመኝ፤ ምንም አላደረገችም። አንድ እጇን ከአንገቴ አጥንት ሥር፣ አንዱን ከብብቴ ወደ ደረቴ አሳርፋ ዝም አለች። አንድ ደቂቃ ሄደ። ሁለት። ሦስት። ተኝታ ይሆን ብዬ አጮለቅሁ።

«ጀመርሽ?»

«ዝም ይበሉ። እየጠበቅሁ ነው።»

«ምን?»

«ሽፋኗ እስክትለቅልኝ።»

ጀማሪ በግ ገፋፊ ቆዳውን ይጎትታል፤ ይበሳዋል። የሚያውቅበት ግን ቡጢውን በቆዳና በስጋ መሀል አስገብቶ ቀስ፣ ቀስ፣ ይላል፤ ያቺ ነጭ ሽፋን በራሷ ጊዜ ሽርር ብላ ትለቃለች። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ለሞተ በግ። የራሴን ሽፋን ግን ሃያ ሁለት ዓመት በጉልበት ስጎትታት፣ በወጌሻም ሳስጎትታት ኖሬያለሁ።

በአምስተኛው ደቂቃ ግድም ከእጇ ሥር ሙቀት ተነሣ። ከዚያ አንድ ነገር፣ ገመድ ይሁን ጅማት እንጃ፣ ከደረቴ እስከ ክርኔ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። ሕመሙ አብሮ መጣ። የዛሬው ብቻ አልነበረም፤ የተጠራቀመው ሁሉ ነው የመጣው። የችዬዋለሁ ጊዜ እንዳበቃ ገባኝና አፌን ከፈትሁ።

«እናንዬ!» ብዬ ጮኽሁ።

እግዚአብሔርን አይደለም፣ እናቴን አይደለም፤ ሚስቴን። በተከፈተ መጋረጃ፣ በሁለት ጨርቅ ነጋዴ ፊት፣ እንባዬ ወደ ሁለቱም ጆሮዬ እየፈሰሰ።

«እሰይ!» አሉ ጋሽ አለኸኝ። «አሁን ወንድ ሆነ!»

እጇን ሳታነሳ ቆየች። ትንፋሼ ሲረጋ ክንዴን ወደ ጎን ጣል አደረግሁት። የአልጋው ላስቲክ ከዳር ተሰንጥቆ ስፖንጁ ወጥቷል። አንድ የሚኮሰኩስ ነገር ተሰማኝ። ምን እንደሆነ ሳይሆን በምን እንደተሰማኝ ነው ያስደነገጠኝ። ተመለከትሁ። የቀለበት ጣቴ ናት፣ ስንጥቁ ውስጥ ገብታ ስፖንጁን የምትነካው። ወደ ፊት ገፋኋት፤ ኮሰኮሰኝ። ወደ ኋላ ሳብኋት፤ ኮሰኮሰኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንድ የተቀደደ ስፖንጅ እየነካካሁ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ትንሿስ?» አለች ይታይሽ።

«እሷ ገና ናት።»

«በጊዜዋ ትመጣ ይሆናል። ቃል ግን አልገባልዎትም። ካሁን በኋላ እውነቱን እየነገሩኝ ከሆነ በየሳምንቱ ይምጡ።»

ዳንግላ ስደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። የእኛ ኔትወርክ ለቁም ነገር ሲፈለግ ይጠፋል፤ ያን ቀን ግን እንደ ሰይጣን ሠርቷል። እናንዬ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ስሜን ጠራህ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ማን ያላለ አለ?»

እጄን ያዘች። የቀለበት ጣቴን በጥፍሯ ጨመቅ አደረገችና ዓይን ዓይኔን እያየች «ያምሃል?» አለችኝ።

«ያመኛል» አልኋት። በትዳራችን ይህን ቃል ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነው። «ተመስገን» ብላ በሩ ላይ ቁጭ አለች።

እስከ ሆሳዕና ድረስ በየሳምንቱ ተመላለስሁ። እየጮኽሁ ታከምሁ፤ ጩኸቴን ለመስማት ብቻ የሚመጣ ሰው አለ እስኪባል። ለፋሲካ አርጄ፣ ገፍፌ፣ በየብልቱ አውጥቼ ሸጥሁ። የበሬ ጎን ግን ከዚያ ወዲህ ለብቻዬ አልተሸከምሁም፤ ለሁለት እንይዘዋለን።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እንደ እኔ «ምንም አይለኝም» ማለትን ጀግንነት ብላችሁ ያደጋችሁ ትሆናላችሁ። ሐኪምም ሆነ ወጌሻ በእጁ ሲዳስሳችሁ መንገድ መጠየቁ ነው። «ያምሃል?» ሲል ትከሻችሁን እየፈተነ እንጂ ወንድነታችሁን እየፈተነ አይደለም። መንገዱን አሳስታችሁ ብትልኩት ገደል የምትገቡት እናንተ ናችሁ፤ እሱማ ማታ ቤቱ ይገባል። እኔን ከገደሉ አፋፍ የመለሰኝ ጥበቤ ሳይሆን የካልሲዬ ማርጀት ነው። ቀልደኛ የሆናችሁ ደግሞ አብልጣችሁ ተጠንቀቁ፤ የእናንተን ዋይታ ሰው ተቀምጦ እየሳቀ ነው የሚሰማው።

እንዲህ ስመክር የሰማኝ ሁሉ «ልየው ተለወጠ» ይላል። እስቲ እሱንም ልንገራችሁ። በመጨረሻው ቀጠሮ ይታይሽ ዓይኔን በፎጣ ሸፍና ትንሿን ጣቴን ነካች።

«ምን ይሰማዎታል?»

ምንም አልተሰማኝም። «ጥጥ» ብዬ ገመትሁ። እውነትም ጥጥ ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ በደስታ እጇን አጨበጨበችና መዝገቧ ላይ ጻፈች። አግዳሚው ላይ ከዳንግላ የመጡ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ የዋሸሁት ለእነሱ ብዬ ነው። ትንሿ ጣቴ ያን ቀን አልሰማችም፣ ዛሬም አትሰማም፤ ሄጄ እውነቱን ለመናገር እስካሁን አፍሬያለሁ።